አልፋው 0.81 ወጣ፤ መጠይቁ ግን የተማሪውን አጠናን ይለካል?

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። የባዮሎጂ መምህርት ነኝ፤ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየሠራሁ ነው። ጥናቴ የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች እንዴት እንደሚያጠኑ ነው። ነገሩ እንዲገባቸው ነው የሚያጠኑት ወይስ ፈተናውን ለማለፍ ያህል? የተጠቀምኩት ቢግስ፣ ኬምበርና ሌውንግ እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተሙትን ባለ 20 ጥያቄ መጠይቅ ነው። 10ሩ ጥልቅ አጠናንን፣ 10ሩ ደግሞ የላይ የላዩን አጠናን ይለካሉ። ከአንድ የእንግሊዝኛ መምህር ጋር ሆነን ወደ አማርኛ መለስነው። በጎረቤት ትምህርት ቤት 30 ተማሪዎች ላይ ፓይለት (ከዋናው ጥናት በፊት የሚደረግ ሙከራ) ሠራሁ። ዳታውን ኤስፒኤስኤስ የሚባለው የስታትስቲክስ ሶፍትዌር ላይ ሳስገባው ክሮንባክ አልፋ፣ ማለትም የመጠይቅን አስተማማኝነት ለማሳየት የሚጠቀሙበት ቁጥር፣ 0.81 ወጣ። ደስ አለኝ። ምዕራፍ ሦስት ላይ የመጠይቁ ተገቢነትና አስተማማኝነት ተረጋግጧል ብዬ ጻፍኩ።

አማካሪዬ ገጹን መለሱልኝ። አስተማማኝነቱን አይቻለሁ፣ ተገቢነቱ የታለ የሚል ማስታወሻ ዳር ላይ ጽፈውበታል። አንድ ሳምንት ሙሉ አሰብኩበት። 0.81 ጥሩ ቁጥር አይደለም እንዴ? ሌላ ምን ማድረግ ነበረብኝ?

(ክሩ፣ ማለትም የዚህ ጥያቄ ውይይት፣ በጣም ስለረዘመ፣ ኋላ ለሚመጣ ሰው እንዲመች ምላሾቹን በየቁጥራቸው በራሴ አገላለጽ ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ምላሽ 1። የመጀመሪያው መላሽ እንኳን ደስ አለሽ ብሎ ጀመረ። 0.70ን ካለፈ በቂ ነው አለ። እሱ ራሱ በ0.74 ነው የተመረቀው፤ ማንም አልጠየቀውም። አማካሪሽ ጠበቅ ያሉ ሰው ሆነው ነው ብሎ አጽናናኝ። መጨረሻ ላይ መጠይቁን እንድልክለት ለመነኝ።

ምላሽ 2። ሁለተኛዋ በትሕትና አልተስማማችም። አልፋ የሚነግረን መልሶቹ እርስ በርስ መግባባታቸውን ነው፤ ምን ላይ እንደተግባቡ አይነግረንም አለች። እሷ 9ኛ ክፍል ሒሳብ ታስተምራለች። ልጆቹ እስከ 8ኛ ክፍል በአማርኛ ተምረው ነው የሚመጡላት። ረጃጅም ጽሑፍ ያለው የሒሳብ ፈተና በእንግሊዝኛ ስትሰጣቸው ውጤቱ በየወሩ ያው ነው፤ ከላይ የነበረው ከላይ፣ ከታች የነበረው ከታች። አንድ ቀን ያንኑ ዓይነት ጥያቄ በአማርኛ አነበበችላቸው። ደረጃው ተገለባበጠ። ለካ ፈተናው ሲለካ የኖረው እንግሊዝኛቸውን ኖሯል። አስተማማኝ ነበር፤ ለሒሳብ ግን ተገቢ አልነበረም። ይህን ምሳሌ ካነበብኩ በኋላ የአማካሪዬ ጥያቄ ገባኝ።

ምላሽ 3። ስታትስቲክስ የሚያስተምር ሰው ነው። ሰላምታም አላስቀደመም። አልፋውን ያወጣሁት 20ውን ጥያቄ አንድ ላይ አድርጌ እንደሆነ ጠየቀ። አዎ፣ እንደዚያ ነው ያደረግኩት። እንግዲያው 0.81 ምንም ማለት አይደለም አለ። መጠይቁ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን የሚለካ ከሆነ አልፋም ለየብቻ ነው የሚወጣው። ከዚያ በወረቀት ሊሠራ የሚችል ሒሳብ አስቀመጠ። 20 ጥያቄዎች አሉ እንበል፤ አሥር አሥር ሆነው ሁለት ቡድን ሠርተዋል። በየቡድናቸው ውስጥ ያላቸው ዝምድና (መልሶቻቸው አብረው የሚወጡበትና የሚወርዱበት መጠን) 0.5 ነው። አንዱ ቡድን ከሌላው ጋር ያለው ዝምድና ግን ዜሮ ነው። የሁሉም አማካይ ዝምድና 0.237 ይሆናል፤ አልፋው 0.86። ፍጹም የማይገናኙ ሁለት ነገሮች አንድ ላይ ተጠርዘው 0.86 አወጡ ማለት ነው። ስለዚህ አልፋ ጥያቄዎቹ አንድ ነገር ብቻ ስለመለካታቸው ማስረጃ አይሆንም።

የጥያቄ ብዛትም ቁጥሩን ያሳድገዋል ብሎ ቀጠለ። አማካይ ዝምድናው 0.2 ብቻ ቢሆን በ5 ጥያቄ አልፋው 0.56 ነው፤ በ10 ጥያቄ 0.71፤ በ20 ጥያቄ 0.83። የጥያቄዎቹ ጥራት ያው ነው፤ የጨመረው ወረቀቱ ነው። ደግሞ በ30 ሰው የወጣ 0.81 ጠንካራ ቁጥር አይደለም፤ እውነተኛው ከ0.7 ገደማ እስከ 0.9 ገደማ የትም ሊሆን ይችላል አለ።

ምላሽ 4። ወደ ምላሽ 1 የተመለሰ ነው። የ0.70ን ታሪክ ያውቃል። ክሮንባክ ቀመሩን በ1951 ሲያሳትም እንዲህ ያለ መስመር አላሰመረም። 0.70 በሰፊው የታወቀው ኑናሊ የተባለው ምሁር ስለ ሥነ ልቦና መለኪያ በጻፈው መጽሐፍ ነው። ኑናሊ በ1967 እትሙ ለጅምር ጥናት 0.50 ወይም 0.60 ይበቃል ብሎ ነበር። በ1978 ወደ 0.70 ከፍ አደረገው፤ ያንንም ለጅምር ጥናት ብሎ ነው። ለመሠረታዊ ምርምር 0.80፣ በአንድ ሰው ዕጣ ላይ ለሚወስን ፈተና ደግሞ ቢያንስ 0.90 ጠይቋል። እኛ ጋ ሲደርስ ግን ሁሉም ቀርቶ 0.70 ብቻዋን ሕግ ሆነች አለ። ክሮንባክም ካረፈ በኋላ በ2004 በወጣ ጽሑፉ፣ ለአብዛኛው ዳታ ያችን ቀመር ተመራጭ መንገድ አድርጎ እንደማያያት ገልጿል።

ምላሽ 5። ዝቅ ያለ አልፋ ነውር እንዳልሆነ የሚናገር ነው። በ1991 በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ እነፒንትሪች ያዘጋጁት የመማር ተነሳሽነትና ስልት መጠይቅ 81 ጥያቄና 15 ንዑስ ክፍሎች አሉት። የንዑሳን ክፍሎቹ አልፋ ከ0.52 እስከ 0.93 ይደርሳል። 0.52 ያወጣው ተማሪው እርዳታ ስለመጠየቁ የሚለካው ክፍል ነው። አዘጋጆቹ አልደበቁትም፤ እንዳለ አሳተሙት። አንተም አንቺም የወጣውን ጻፉ ብሎ ዘጋ።

ምላሽ 6። ይህ የእኔ ነው። ለየብቻ አሠራሁት። ሁለቱም ከ20ው አልፋ ዝቅ አሉ፤ እሱ ብዙም አላስደነገጠኝም። ያስደነገጠኝ የሁለቱ ዝምድና ነው። ጥልቅ አጠናንና የላይ የላዩ አጠናን ተቃራኒ፣ ቢያንስ የማይገናኙ መሆን ነበረባቸው። የእኔ ዳታ ላይ ግን አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። አንዱ ላይ ብዙ ጊዜ ያለ ልጅ ሌላውም ላይ ብዙ ጊዜ ብሏል። ምክንያቱን ጠየቅኩ።

ምላሽ 7። ሃያ ዓመት ያስተማሩ መምህርት ናቸው። እህቴ ብለው ጀመሩ። መጠይቁን ማን አስሞላው ብለው ጠየቁኝ። የክፍል ኃላፊው መምህር እንደሆነ፣ ስምም እንደተጻፈበት ነገርኳቸው። እንግዲያውስ ይሉኝታ ገብቶበታል አሉ። ልጅ መምህሩ ቆሞ እያየው ሁሉንም እሺ ይላል፤ አስተካክሎ የሚያነብም የለም። በሚቀጥለው ስም ይቅር፣ ልጆቹን የማያስተምር ሰው ያስሞላው። ከሁሉ በፊት ግን አምስት ስድስት ልጆችን አንድ በአንድ አስቀምጪና እያንዳንዱን ጥያቄ ጮክ ብለው እንዲያነቡ አድርጊ አሉ። ምን ብሎ እንደገባቸው በራሳቸው ቃል ይንገሩሽ። አንቺ አትርጂያቸው፤ ዝም ብለሽ ጻፊ። ይህን ምክር እስከዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

ምላሽ 8። እዚህ ላይ ክሩ ሞቅ አለ። መላሹ ቆጣ ብሎ ነው የጻፈው። ሰባት ምላሽ ተጽፎ አንድ ሰው እንኳ ዋናውን አላየም አለ። የ2001ዱ መጠይቅ የተሠራው ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ እነዚያው ሦስት ሰዎች በ2004 ሌላ አሳትመዋል፤ 22 ጥያቄ አለው። የ11ኛ ክፍል ልጅ ላይ የዩኒቨርሲቲውን መጫን ምን ይባላል ብሎ ጠየቀ። አነጋገሩ ጎምዛዛ ነው። እውነቱን ግን ነው።

ምላሽ 9። ለእኔ ተቆርቁሮ ምላሽ 8ን ገሠጸ። ሰው ሊማር ነው የመጣው፣ ማሸማቀቅ ምን ይባላል አለ። ደግሞ ማስተርስ ተማሪ ጊዜም ገንዘብም የለውም፤ ፎቶ ኮፒው ራሱ ስንት ነው?

ምላሽ 10። ምላሽ 9ን ተከትሎ የመጣው ልቤን ሰበረው። በእሱ ባች ፓይለቱን ዶርም ውስጥ ቁጭ ብለው የሞሉ ልጆች እንደነበሩ ተናገረ። አልፋው እስኪያምር ድረስ ቁጥር ይቀያይራሉ። ሁሉም የሚያደርገው ነው፣ እኛ እዚህ ስለ ተገቢነት እንከራከራለን አለ።

ምላሽ 11። የሰላው መልስ የመጣው ከዚህ ነው። ሁሉም አያደርገውም አለች፤ እኔ አላደረግኩትም። የተማሪ ወላጅ ናት፣ ተመራማሪም ናት። በዚህ ዓይነት ዳታ ላይ ተመሥርቶ ነው ለልጆቻችን የማስተማሪያ ዘዴ የሚቀየረው አለች። ምላሽ 10 ስም አልጠራሁም ብሎ ተከላከለ። እሷም መልሳ ጻፈች። አወያዩ ሁለት ጽሑፎችን አንስቷል፤ እኔም ከዚህ በላይ አላወራውም። ከእሷ ጋር ግን ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።

ምላሽ 12 እና 13። አንዱ ለፓይለቱ 30 ሰው ያልኩት በያማኔ የናሙና ቀመር ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ሌላው መለሰለት። የያማኔ ቀመር ለዋናው ናሙና ነው፤ 400 ተማሪ ካለ በ5 በመቶ ስሕተት 200 ይወጣል። ከፓይለት ጋር ግንኙነት የለውም።

ምላሽ 14። ኤስፒኤስኤስ በክራክ ስለማስገባት ወሬ ተነሣ። አንድ ሰው ጃስፕና ጃሞቪ የሚባሉ ነፃ ሶፍትዌሮች እንዳሉ፣ ከአልፋ ሌላ የማክዶናልድ ኦሜጋ የሚባለውን የአስተማማኝነት መለኪያም እንደሚያወጡ ጻፈ። አወረድኩት፤ ይሠራል።

ምላሽ 15። የቃል ክርክር ነው። ቫሊዲቲን ተገቢነት እንበል ወይስ ትክክለኛነት? አንድ የቋንቋ ሰው ተገቢነት ይሻላል ብሎ ተከራከረ። ትክክለኛነት የሚለው ቃል መጠይቁ በራሱ ትክክል ወይም ስሕተት የሆነ ያስመስለዋል። ተገቢ ሲባል ግን ለምን፣ ለማን የሚል ጥያቄ ይከተለዋል። ሦስት የአሜሪካ የትምህርትና የሥነ ልቦና ማኅበራት በ2014 በጋራ ያወጡት የፈተናና የመለኪያ ደንብም ተገቢነትን የመሣሪያው ሳይሆን ከውጤቱ የምናወጣው ትርጉም ጉዳይ ያደርገዋል አለ። አንድ መጠይቅ፣ እንደዚህኛው፣ በተሠራበት በሆንግ ኮንግ ተገቢ ነው ተብሎ ደብረ ብርሃን ላይ ተገቢ ነው ማለት አይቻልም። የቃል ክርክር መስሎኝ ልዘለው ነበር።

ምላሽ 16። እንደገና እኔ ነኝ። የምላሽ 7ን ምክር ይዤ ቅዳሜ ከማጠናከሪያ በኋላ ከስድስት ልጆች ጋር አንድ በአንድ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ተቀመጥኩ። እንዳለ ልንገራችሁ።

አንዲት ልጅ እሸመድዳለሁ የሚለው ጥያቄ ላይ ደረሰች። የእስክሪብቶውን ክዳን በጥርሷ ይዛለች። ጮክ ብላ አነበበችው፤ ዞር ብላ በሩን አየች፤ በጭራሽ የሚለውን አከበበች። ትናንት ማታ ምን እንዳጠናች ጠየቅኳት። የሴል ክፍሎችን አለች። ደብተሯን ዘጋችና ዓይኗን ጨፍና አንድ በአንድ ወረደችው፤ ማይቶኮንድሪያ፣ ራይቦዞም፣ ጎልጂ፣ የእያንዳንዱን ሥራ ሳይቀር። ይህ ሽምደዳ አይደለም ወይ አልኳት። ተቆጣች ማለት ይቻላል። ሽምደዳ ያልገባው ሰው የሚያደርገው ነው፤ እሷ የገባትን እንዳይጠፋባት ነው በቃሏ የያዘችው።

አንድ ቃል ነው የተሳሳትኩት። ሽምደዳ በአማርኛ ስድብ ነው። በቃል መያዝ ደግሞ ምስጋና ነው። እኔ ስድቡን ጽፌ ልጆቹ ይመኑልኝ ብዬ ጠበቅኩ። የላይ የላዩ ክፍል ውስጥ ያሉ ሌሎቹ ጥያቄዎች በአንጻሩ ምስጋና ይመስላሉና ሁሉም ብዙ ጊዜ ብለውባቸዋል።

ሁለተኛው ልጅ ፈተና ላይ የማይመጣ ነገር አላጠናም የሚለው ላይ ቆመ። ሁልጊዜ የሚለውን አከበበ። ምን ማለትህ ነው ስለው፣ ሁልጊዜ አላጠናም፣ አንዳንዴ ግን የማይመጣውንም አጠናለሁ ማለቱ ነው። እኔ ሁልጊዜ ብዬ 5 የሰጠሁት ልጅ 2 ወይም 3 ማለቱ ነበር! ቀጥሎ የመጣው ልጅ ያንኑ ሁልጊዜ አክብቦ በፍጹም አላጠናም ማለቱ ነው አለኝ። በአማርኛ ሁልጊዜና አላጠናም አንድ ላይ ሲመጡ ሁለት ትርጉም አላቸው። አሁን የማጠናው ፈተና ላይ የሚመጣውን ብቻ ነው ብዬ ቀይሬዋለሁ።

ሦስተኛው ነገር መልሶቹ ናቸው። በጭራሽ፣ አልፎ አልፎ፣ አንዳንድ ጊዜ፣ ብዙ ጊዜ፣ ሁልጊዜ ብዬ ነበር። አልፎ አልፎና አንዳንድ ጊዜ የቱ ይበዛል ብዬ ስድስቱንም ጠየቅኩ። ሦስቱ አንዱን፣ ሁለቱ ሌላውን አሉ፤ አንዷ አንድ ናቸው አለች። የእንግሊዝኛውን ሳየው መሐሉ ላይ ያለው ግማሽ ያህሉን ጊዜ ነው የሚለው። ለምን እንደቀየርኩት አላስታውስም። መልሼዋለሁ።

ምላሽ 17። ከዚህ በኋላ የመጣው በዚህ ክር ከወደድኳቸው አንዱ ነው። ልጅ ሳሉ የአብነት ትምህርት ቤት የተማሩ አባት ናቸው። ዳዊትን በቃላቸው የደገሙት ትርጉሙ ሳይገባቸው እንደነበር ጻፉ። ትርጓሜው የመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። ቅኔ ቤት ሲገቡ ደግሞ በቃል የያዙት ግሥ ነው በየቀኑ አዲስ ቅኔ እንዲቆጥሩ ያስቻላቸው። የያዘ ነው የሚፈታው አሉ። ስለዚህ በቃል መያዝን የላይ የላዩ አጠናን ምልክት ያደረገ መጠይቅ እሳቸውን እንዴት እንደሚመድባቸው ጠየቁ። አንድ ሰው ቁርኣን ቤትም እንዲሁ ነው ብሎ አከለ።

ምላሽ 18። ምላሽ 8 ነው የተመለሰው፤ አሁን ቃናው ሌላ ነው። የአባታችን ጥያቄ ትልቅ ጥያቄ ነው አለ። የሆንግ ኮንግ ተመራማሪዎችም ገጥሟቸዋል። የቻይና ተማሪዎች በቃላቸው እየያዙ ውጤታቸው የጥልቅ አጠናን ነበር። ዋትኪንስና ቢግስ በ1996 ባሳተሙት መጽሐፍ ላይ ይህ በሰፊው ተነሥቷል፤ ለመረዳት ብሎ በቃል መያዝና ሳይረዱ መደጋገም ሁለት ነገሮች ናቸው። የእኔም ሁለት ክፍሎች አብረው የወጡት ከይሉኝታው ሌላ በዚህም ሊሆን ይችላል አለ። ለመጀመሪያው ቃና ይቅርታ ጠየቀኝ። ተቀብያለሁ።

ምላሽ 19። ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ የተጻፈ ነው። የትምህርት ቤት ወረቀቶችን ለኢትዮጵያውያን ወላጆች የምትተረጉም ናት። ትርጉሙን ሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ መልሶ እንዲተረጉመው ማድረግ፣ ብሪስሊን በ1970 የጻፈበት ዘዴ፣ አያድንም አለች። ቃል በቃል የተተረጎመ መጥፎ አማርኛ ሲመለስ ልክ ይመጣል። መሸምደድም ሲመለስ ያው የእንግሊዝኛው ቃል ነው የሚሆነው፤ ስድቡ መንገድ ላይ ይቀራል። እሷ መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ ለአንዲት እናት ታነብላታለች።

ምላሽ 20። ባለሙያዎችን ስለማስገምገም ነው። ላውሺ በ1975 ያቀረበውን ስሌት አስረዳ። 10 ገምጋሚ ካለና 8ቱ ጥያቄው አስፈላጊ ነው ካሉ፣ ከግማሹ የሚበልጡት 3 ሰዎች ለግማሹ ለ5 ተካፍለው ውጤቱ 0.60 ነው፤ የላውሺ ሰንጠረዥ ለ10 ሰው የሚጠይቀው 0.62 ስለሆነ ጥያቄው ይወድቃል። በጓደኝነት ሦስት መምህር አስፈርሞ ባለሙያ አይተውታል ማለት አይበቃም አለ። እኔም አንድ ጓደኛዬን ብቻ ነበር ያሳየሁት።

ምላሽ 21። የመጨረሻው የእኔ ነው። ለአማካሪዬ የዚህን ክር ፍሬ ነገር ይዤ ሄድኩ። የ0.81ዱን ዓረፍተ ነገር ሰርዤዋለሁ። ወደ 2004ቱ ባለ 22 ጥያቄ መጠይቅ ዞሬያለሁ። በቃል ስለመያዝ የሚያወሩትን ጥያቄዎች ለሁለት ከፍዬ ጻፍኳቸው፤ የገባኝን እንዳልረሳ በቃሌ እይዛለሁ የሚል አንድ፣ ባይገባኝም በቃሌ ይዤ እገባለሁ የሚል አንድ። እንዲህ ማድረጌ መጠይቁን ከዋናው ያርቀዋል፤ ለየትኛው ክፍል እንደሚቆጠሩም ዳታው ሳይመጣ አልወስንም። አማካሪዬ ይህንኑ በግልጽ ጻፊው ብለውኛል። አዲሱን ወረቀት ትናንት ለስምንት ልጆች አስነበብኩ። ያቺ የሴል ክፍሎቹን በቃሏ የወረደችልኝ ልጅም አንዷ ነበረች። የመጀመሪያውን ሁልጊዜ፣ ሁለተኛውን ከስንት አንዴ ብላ አከበበች። በሩን ዞራ አላየችም። ፓይለቱ ማክሰኞ ነው፤ ስም የለውም፣ የሚያስሞላውም ልጆቹን የማያስተምር ሰው ነው።